ስለ ሥር ትልና በአፈር ውስጥ ስለሚኖረው ጠላቱ

ለክቡራን የአገር አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ሰፊ እርሻ ለያዙ ባለ ይዞታዎች፤

የአንበጣ መንጋ በሰማይ ሲታይ ወሬው ባንድ ቀን አገሩን ያዳርሳል፤ ሕዝቡም ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየመታ ይወጣል። በረዶ ሲወርድ ወይም ዋግ ስንዴውን ሲመታው ሹሙ በዓይኑ አይቶ ለበላዩ ያስታውቃል። ከመሬት በታች ተሸሽጎ ሥርን በሚበላ ጠላት ላይ ግን የሚጮኽ ሰው የለም። ገበሬው አትክልቱ በቀትር ሲጠወልግበት ውሃ አንሶት ነው ብሎ ውሃ ይጨምራል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆንበት ማዳበሪያ ጎድሎት ነው ብሎ ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ምርቱ ሲያንስ ደግሞ ሹሙ ገበሬውን ሰነፍክ ብሎ ይወቅሰዋል። ከእነዚህ ከሦስቱ ፍርዶች አንዱም እውነተኛውን ምክንያት ያላገኘበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ከሦስቱ ፈራጆች አንዱም ተክሉን ነቅሎ ሥሩን አልተመለከተም።

በዚህ ጽሕፈት ልናስረዳ የምንፈልገው ይህ የተሸሸገ ጠላት ማን እንደ ሆነና በዚያው አፈር ውስጥ የሚኖር፣ እርሱን የሚያጠፋ ሌላ ረቂቅ ፍጥረት መኖሩን ነው። ይህም ጠባቂ ሥራውን የሚሠራው በዓመታት ልክ ነው፤ እኛ ግን ትእዛዛችንን፣ የመሬት ኪራያችንንና የሥራ መለኪያችንን ሁሉ ባንድ የአዝመራ ወቅት ልክ ሠርተነዋል። አስተያየታችን በአጭሩ፣ ልኩ ይለወጥ የሚል ነው። ከዚህ በታች የምንጠራው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ትሉ ሊቃውንት ኔማቶድ ከሚሉት ወገን ነው። ከዚህ ወገን ብዙዎቹ በአፈር ውስጥ ባክቴሪያና ፈንገስ እየበሉ ለመሬቱ ልምላሜ የሚረዱ ስለ ሆኑ፣ ሁሉንም እንደ ጠላት መቁጠር አይገባም። ጠላት የምንለው ሥርን የሚያሳብጠውን ነው። በ1855 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በርክሊ የሚባሉ ቄስ፣ ዕፀዋትንም የሚመረምሩ ሰው፣ በመስታወት ቤት በበቀለ ኪያር ሥር ላይ እባጩን አይተው ጻፉ። በ1887 ዓ.ም. ደግሞ ጎልዲ የተባለ የስዊስ ተወላጅ በብራዚል በሪዮ ዴ ጃኔሮ ግዛት ቡናውን ያደርቅ የነበረውን በሽታ ሲመረምር ይህንኑ ዓይነት ትል በሥሩ ውስጥ አገኘና ሜሎይዶጊን ብሎ ሰየመው፤ ስሙም እስከ ዛሬ የወገኑ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ከእንቁላል የወጣው ጫጩት ትል ርዝመቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ስለ ሆነ በዓይን አይታይም። በአፈሩ ቅንጣት መካከል ባለው እርጥበት እየተሳበ የሥሩን ጫፍ ያገኛል፤ በአፉም ባለ መርፌ ወግቶ ይገባል። ከገባ በኋላ ባንድ ስፍራ ተቀምጦ ከምራቁ ወደ ሥሩ ሕዋሳት ያፈስሳል፤ ሕዋሳቱም ከልክ በላይ ያብጡና ለእርሱ ማዕድ ይሆናሉ። ሴቲቱ ትል በዚያ ተቀምጣ እንደ ቅል ትነፋለች፤ ከዚያም ከ300 እስከ 500፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ እንቁላል እንደ ሙጫ ባለ ነገር ጠቅልላ ትጥላለች። ከእነዚህ ትሎች ዋና ዋናዎቹ ያለ ወንድ ይራባሉ። በሞቃት አፈር ከእንቁላል እስከ እንቁላል ያለው ዘመን አንድ ወር ያህል ነው። እንግዲህ ከአንዲት ትል 400 እንቁላል ቢወጣና ከመቶው 10 ብቻ ቢተርፍ፣ በመጀመሪያው ወር 40፣ በሁለተኛው 1,600፣ በሦስተኛው 64,000 ይሆናል። ቲማቲም በማሳ ላይ የሚቆየው ለዚህ የሚበቃ ጊዜ ነው።

ይህ ትል የሚጎዳው የተክል ዓይነት ከ2,000 ይበልጣል። ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ካሮት፣ ቦሎቄ፣ ሐብሐብ፣ ፓፓያ፣ ጥጥና ትምባሆ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በአገራችንም በስምጥ ሸለቆ፣ በመቂና በዝዋይ አካባቢ በመስኖ በሚለሙት የአትክልት ማሳዎች እንዲሁም በአዋሽ ሸለቆ የታወቀ ነው። ደጋማው የእንሰት አገር ደግሞ ሌላ ወገን ኔማቶድ አለበት፤ ይኸውም ፕራቲሌንከስ የሚባለው ሥሩን የሚያቆስለው ነው። ጠባዩ ሌላ ስለ ሆነ ነገሩን በሌላ ጊዜ እንተርከዋለን።

ምልክቱን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። የጠወለገውን ተክል በአካፋ ከነአፈሩ አንሥቶ፣ ሥሩን በውሃ አጥቦ መመልከት ይበቃል። ሥሩ እንደ መቁጠሪያ ተቋጥሮ ወይም እንደ ዝንጅብል አብጦ ከተገኘ ትሉ አለ። ነገር ግን በቦሎቄና በመሰሎቹ ሥር ላይ የሚገኘው ጠቃሚ እንክብል ከዚህ ጋር እንዳይምታታ መጠንቀቅ ይገባል። ጠቃሚው እንክብል ከሥሩ ጎን የተለጠፈ ነው፤ በጣት ሲነኩት ይረግፋል፤ ሲሰነጥቁትም ውስጡ ቀላ ያለ ነው። የትሉ እባጭ ግን ሥሩ ራሱ ያበጠው ስለ ሆነ፣ ሥሩን ሳይቆርጡ ሊያነሡት አይቻልም።

ለዚህ ጠላት እስካሁን ሲሰጥ የቆየው መልስ መርዝ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት ዲቢሲፒ የሚባለው መድኃኒት በብዙ አገር እርሻ ላይ ፈሰሰ። በ1977 ዓ.ም. ግን በካሊፎርኒያ ይህን መድኃኒት በሚያዘጋጅ ፋብሪካ ከሚሠሩት ወንዶች ብዙዎቹ ልጅ መውለድ እንደ ተሳናቸው ታወቀ፤ መርዙም በጕድጓድ ውሃ ውስጥ ተገኘ፤ የአሜሪካም መንግሥት በ1979 ዓ.ም. አብዛኛውን አገልግሎቱን አገደ። ሜቲል ብሮማይድ የሚባለው ጋዝ ደግሞ በአፈሩ ውስጥ ያለውን መልካሙንም ክፉውንም ባንድነት የሚገድል ነበረ። ይህም ምድርን ከፀሐይ ጨረር የሚጋርደውን የኦዞን ሽፋን የሚያሳሳ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በ1987 ዓ.ም. በሞንትሪያል በተደረገው ውል ውስጥ በ1992 ዓ.ም. ገባ፤ ከጥቂት ልዩ ፈቃዶችም በቀር ለበለጸጉት አገሮች እስከ 2005፣ ለታዳጊዎቹ አገሮች እስከ 2015 ዓ.ም. አፈር ማጠኛነቱ እንዲቀር ተወሰነ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው መድኃኒት ሁሉ ክፉ ነው ብለን እንድንፈርድ አይደለም። በመርዝ የተገኘ ድል በየወቅቱ እንደ ገና መገዛት ያለበት ድል መሆኑን እንድናውቅ ነው። መርዙ ከማይደርስበት ጥልቅ አፈር የተረፈው ትል ወደ ላይ ሲመለስ፣ ቀድሞ ይበሉት የነበሩት ፈንገሶችና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ሞተው ያገኛል፤ ቤቱ ባዶ ነውና እንደ ልቡ ይራባል። ገበሬውም ለሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ ያወጣል።

አሁን ወደ ጠባቂው እንመለስ። ስሙ ፓስተሪያ ፔኔትራንስ ይባላል፤ ባክቴሪያ ነው። የታወቀበት ታሪክ ሊቃውንትም ቢሆኑ ለማየት ትዕግሥት እንደሚያስፈልጋቸው ያስረዳል። በ1888 ዓ.ም. ኋላ የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው ኤልያስ ሜቺኒኮፍ፣ በኵሬ ውስጥ የምትኖር የውሃ ቁንጫን የሚገድል አንድ ባክቴሪያ አገኘና ለሉዊ ፓስተር ክብር ፓስተሪያ ብሎ ሰየመው። በ1906 ዓ.ም. ኮብ የተባለ የኔማቶድ ሊቅ በሐዋይ ደሴት ባንድ ትል ገላ ላይ ተመሳሳይ ነገር አየ፤ ነገር ግን ባክቴሪያ መሆኑን አላወቀም፤ ሌላ ወገን መሰለው። በ1940 ዓ.ም. ቶርን የተባለ አሜሪካዊ እንደ ገና አገኘውና እርሱም በሌላ ወገን ስም ጠራው። ፍጥረቱን በኤሌክትሮን አጉሊ መነጽር አይቶ ባክቴሪያ መሆኑን በ1975 ዓ.ም. ያረጋገጠው የካሊፎርኒያው ማንካው ነው። ዛሬ የሚጠራበትን ስም ደግሞ ሴይርና ስታር በ1985 ዓ.ም. አጸኑለት። ከመጀመሪያው እይታ እስከ ትክክለኛው ስም ሰባ ዘጠኝ ዓመት አለፈ ማለት ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ባክቴሪያው በአፈር ውስጥ ሥራውን አላቋረጠም።

ሥራውም እንዲህ ነው። ባክቴሪያው ምቹ ጊዜ እስኪመጣ ድረስ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ እንደ ዘር ያንቀላፋል፤ በዚህ ሁኔታ ያለውን አካል ሊቃውንት ስፖር ይሉታል። የስፖሩ ስፋት የአንድ ሚሊሜትር ሦስትና አራት ሺኛ ያህል ነው። ድርቅንም ሙቀትንም ችሎ ለዓመታት ይቆያል። እግር የለውም፤ ጠላቱን ፍለጋ አይሄድም። ጫጩቱ ትል ሥር ፍለጋ ሲሳብ በአጠገቡ ካለፈ ግን በቆዳው ላይ ይጣበቃል። ብዙ ስፖር የተጣበቀበት ትል መሄድ ያቅተውና ሥሩን ሳያገኝ ይቀራል። ጥቂት የተጣበቀበት ግን ጠላቱን በጀርባው ተሸክሞ ወደ ሥሩ ይገባል። ትሉ መብላት ሲጀምር ስፖሩ ይነቃል፤ ቀጭን ቡቃያ አውጥቶ ቆዳውን ይበሳና በገላው ውስጥ ይበዛል። ሴቲቱ ትል ወዲያው አትሞትም፤ ታድጋለች፤ ሆዷ ግን የእንቁላል ማኅደር መሆኑ ቀርቶ የጠላቷ ጎተራ ይሆናል። ከአንዲት ትል እስከ 2 ሚሊዮን ስፖር ይገኛል። አዝመራው ተሰብስቦ ሥሩ ሲበሰብስ ገላዋ ይፈርሳል፤ ስፖሩም ወደ አፈሩ ተመልሶ የሚመጣውን ትውልድ ይጠብቃል።

የዚህ ጽሕፈት ዋና ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በባክቴሪያው የተያዘችው ትል በዚያው ወቅት ሥሩን መብላቷን አትተውም፤ የምታጣው ልጆቿን ነው። ስለዚህ ጠባቂው በገባበት በመጀመሪያው ወቅት ማሳውን የጎበኘ ሹም እባጩን እንደ ቀድሞው አይቶ፣ ይህ ነገር አይረባም ብሎ ሊመለስ ይችላል። ጥቅሙ የሚታየው በሚቀጥለው አዝመራ፣ ይልቁንም በሦስተኛውና በአራተኛው ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ኦቾሎኒ በተከታታይ በተዘራባቸው አንዳንድ ማሳዎች የስፖሩ ብዛት ከዓመት ዓመት እየጨመረ፣ የትሉ ጉዳት እየቀነሰ መሄዱን ሊቃውንት በ1990ዎቹ ዓመታት መርምረው ጽፈዋል። በዚያ አፈር ላይ ያን ጥበቃ ያመጣ ሰው የለም፤ ትሉ ራሱ ጠላቱን እየመገበ አበዛው።

ከዚህ የተነሣ ቲማቲም በቲማቲም ላይ እየተዘራ ይኑር የሚል ሐሳብ የለንም። ጠባቂው እስኪበዛ ድረስ ገበሬው ሊደኸይ ይችላል፤ ሌላም የሥር በሽታ ይከተላል። ተለዋጭ ዘር መዝራት ዛሬም የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ትሉ የማይበላው ሰብል ሲዘራ ትሉ ይራባል፤ ስፖሩ ግን ለዓመታት ስለሚቆይ አንቀላፍቶ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ትሉ ከየትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ሜሎይዶጊን ኢንኮግኒታ የሚባለው ዓይነት ኦቾሎኒን አይጎዳም፤ ሜሎይዶጊን አሬናሪያ ከሚባለው ዓይነት አንዱ ዘር ግን ዋና ምግቡ ነው። ዓይነቱን ሳያስመረምር ኦቾሎኒ ዝሩ ብሎ የሚያዝ ሹም፣ ባንዱ ቀበሌ ትሉን ሲያስርብ በሌላው ሊያጠግበው ይችላል።

አንዳንድ ሰው፤ ይህ ባክቴሪያ እንዲህ ከረዳ ለምን በገንዘብ ተገዝቶ በማሳው ሁሉ አይበተንም? ይል ይሆናል። መልሱን በቁጥር እናሳይ። በፍሎሪዳ በተደረገው ፈተና በመጀመሪያው ዓመት ትልቅ ውጤት የታየው በአንድ ግራም አፈር 100,000 ስፖር ሲጨመር ነው። የአንድ ሄክታር መሬት አፈር እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ድረስ ቢመዘን በትንሹ 2,000 ቶን ያህል ነው። እንግዲህ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ስፖር 200 ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ይሆናል፤ ይህም እያንዳንዷ 2 ሚሊዮን ስፖር የተሸከመች 100 ሚሊዮን ትል ማለት ነው። ባክቴሪያው ደግሞ ከትሉ ገላ ውጭ በቀላሉ የሚያድግ አይደለም። በፍሎሪዳ አንድ ኩባንያ ያለ ትል በጋን ውስጥ የሚያሳድግበትን ዘዴ አግኝቶ ነበረ፤ ሲንጀንታ የተባለው የስዊስ ኩባንያም በ2012 ዓ.ም. ገዛው፤ ከዚያም የአኩሪ አተርን ትል የሚያጠፋው የዚሁ ባክቴሪያ ዘመድ በዘር ላይ ተቀብቶ ለገበያ ወጣ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ነገር ግን የአኩሪ አተሩ ጠባቂ የቲማቲሙን ትል አይነካም።

ሁለተኛው ምክንያት ይኸው የጠባቂው መራጭነት ነው። ባንዱ ዓይነት ትል ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ስፖር ከሌላው ላይ ሊንሸራተት ይችላል፤ ዓይነቱ አንድ ሆኖ አገሩ የተለየውን ትል እንኳ አንዳንድ ጊዜ አይዝም። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ለእኛ ትል ይስማማ እንደ ሆነ ሳይፈተን አይታወቅም። ከሩቅ ከመግዛት በፊት በገዛ አፈራችን ውስጥ መፈለግ ብልኅነት ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የአፈሩና የአየሩ ጠባይ ነው። ባክቴሪያው በሞቃት አፈር፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ፈጥኖ ይበዛል፤ በብርድ ይዘገያል። ስለዚህ ለቆላውና ለስምጥ ሸለቆው ተስፋ ነው፤ ለደጋው ግን ያን ያህል አይደለም። ትሉን እንዲቋቋም ተደርጎ የተዳቀለው የቲማቲም ዘር የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ ኃይሉ ይደክማል፤ ባክቴሪያው ደግሞ በዚያው ሙቀት ይበረታል። ስለዚህ ሁለቱ ቢረዳዱ መልካም ነው። በሴኔጋል በተደረገ ምርመራ ደግሞ በአሸዋማ መሬት የመስኖ ውሃ ሲበዛ ስፖሩን አጥቦ ሥር ወደማይደርስበት ጥልቀት እንደሚያወርደው ታውቋል። ከልክ በላይ በቦይ የሚለቀቅ ውሃ ትሉን ከማሳ ወደ ማሳ ያሻግራል፤ ጠባቂውን ግን ይቀብራል።

ይህን ሁሉ ከተረዳን በኋላ ከሹማምንትና ከባለ ይዞታዎች የሚፈለገው ምንድር ነው? በአስተያየታችን አምስት ነገር ነው።

1ኛ፤ ችግኝ በቅጠሉ ብቻ አይቈጠር። ትሉ በራሱ ጉልበት በዓመት ከጥቂት ክንድ በላይ አይሄድም፤ ከወረዳ ወደ ወረዳ የሚያደርሰው የሰው እጅ ነው። ከታመመ መደብ የወጣ የቲማቲም፣ የበርበሬ፣ የፓፓያ ወይም የቡና ችግኝ በመቶ ሺህ ሲታደል፣ በሪፖርቱ ላይ ትልቅ ቁጥር ይጻፋል፤ በሥሩ ላይ ግን ትሉ አብሮ ይታደላል። ትሉን በመኪና አሳፍረን ስንልከው፣ እግር የሌለው ጠባቂው ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የችግኝ መደብ ጥቂት ችግኝ ተነቅሎ ሥሩ ታጥቦ ሳይታይ አይታደል። እባጭ የተገኘበት መደብ ቢጣል የሚቀነሰው ከቁጥሩ ነው፤ ባይጣል የሚቀነሰው ከገበሬው እንጀራ ነው።

2ኛ፤ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ሥሩ ይታይ፣ አፈሩም ይመርመር። የጠባቂው ስፖር የሚታየው በአጉሊ መነጽር ብቻ ስለ ሆነ፣ አፈሩና ሥሩ ወደ ግብርና ምርምር ማዕከል ይላክ። ይልቁንም ለብዙ ዓመት አንድ ዓይነት አትክልት ሲዘራበት ኖሮ እባጩ እየቀነሰ የሄደ ማሳ ቢገኝ፣ ያ ማሳ እንደ ዘር ጎተራ ይጠበቅ፤ ለምርምር ሰዎችም ይነገር። የባክቴሪያው ስፖር ብዙ ዓይነት መርዝ ችሎ ይኖራል፤ ነገር ግን ትሉ ፈጽሞ ከጠፋ የሚራባበት አያገኝም። በዚህ ማሳ ያሉት ሌሎች ጠባቂዎችም ከመርዙ አይተርፉም።

3ኛ፤ የመሬት ኪራይ ዘመን ይርዘም። በመስኖው አገር ባለ ይዞታው መሬቱን ላንድ ወቅት ብቻ በኪራይ ወይም በእኩል የሚሰጥበት ልማድ በብዙ ስፍራ አለ። ላንድ ወቅት የተከራየ ሰው ቲማቲም ዘርቶ፣ መርዝ ረጭቶ፣ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል፤ ለሦስተኛው ዓመት የሚያስብበት ምክንያት የለውም። እባጩን የሚወርሰው ባለ ይዞታው ነው፤ ባለ ይዞታውም በሚመጣው ወቅት ኪራዩ ለምን ረከሰ ብሎ ይደነቃል። ውሉ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ቢሆን፣ በውስጡም ተለዋጭ ዘር የመዝራት ግዴታ ቢጻፍበት፣ ለተከራዩም ለባለ ይዞታውም ለአፈሩም ይበጃል። በዚህ ነገር የወረዳው ሹም በማስታረቅና በመምከር ብዙ ሊሠራ ይችላል።

4ኛ፤ ጠባቂ ይሻገር ተብሎ አፈር ከማሳ ወደ ማሳ አይጓዝ። ይህ ጽሕፈት ከተነበበ በኋላ በበጎ አሳብ አፈር በጆንያ እንዲጫን የሚያዝ ሰው እንዳይኖር አስቀድመን እናስጠነቅቃለን፤ ከጠባቂው ጋር ትሉና ሌላው በሽታ ሁሉ ይጓዛልና። በ1980 ዓ.ም. በአውስትራልያ ስተርሊንግና ባልደረባው ዋክቴል ጠባቂውን በቲማቲም ሥር ላይ ባለ ትል ውስጥ አራብተው፣ ሥሩን አድርቀው እንደ ዱቄት የሚፈጩበትን ዘዴ አሳዩ። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ ነው፤ ሆኖም መደረግ ያለበት በምርምር ሰዎች እጅ ነው። እነርሱ አዘጋጅተው ሲሰጡ በማሳው ሁሉ ከመበተን ይልቅ በችግኝ መደብ ላይ ማድረግ ይሻላል። መደቡ ጠባብ ስለ ሆነ ጥቂቱ ይበቃዋል፤ ችግኙም ወደ ማሳ ሲሄድ ጠባቂውን በሥሩ ይዞ ይሄዳል።

5ኛ፤ የሦስት ዓመት መዝገብ ይያዝ። በየቀበሌው ከተመረጡ ጥቂት ማሳዎች በየአዝመራው መጨረሻ 10 ተክል ይነቀል፤ የሥሩ እባጭ ከ0 እስከ 5 ባለው ልክ ይሰጠው፤ የተዘራው ዘር፣ የተረጨው መድኃኒትና የተገኘው ምርት ከጎኑ ይጻፍ። ወረቀትና እርሳስ ከማስፈለጉ በቀር ወጪ የለበትም። ሹም ሲሻር ወይም ሲዛወር መዝገቡ ለተተኪው ይተላለፍ። ትሉ ከሹሙ ጋር አይዛወርምና።

ከአስተዳዳሪዎች መካከል፤ ሕዝቡ ዛሬ ሲቸገር ሦስት ዓመት ጠብቁ ማለት እንዴት ይሆናል? የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። እኛም በእነዚህ ዓመታት ገበሬው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ አላልንም። ንጹሕ ችግኝ፣ ትሉን የሚቋቋም ዘር፣ ተለዋጭ ሰብል፣ አዝመራው እንዳለቀ የታመመውን ሥር ነቅሎ ማቃጠል፣ በበጋም አፈሩን አርሶ ለፀሐይ ማስጣት በዛሬው ቀን የሚጀመሩ ሥራዎች ናቸው። በእስራኤል አገር ካታን የተባለ ሊቅና ባልደረቦቹ በ1976 ዓ.ም. እንዳሳዩትም፣ እርጥብ አፈርን በብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ሸፍኖ በፀሐይ ማሞቅ በአፈር ውስጥ ያለውን በሽታ ይቀንሳል፤ ይህም ለችግኝ መደብ የሚመች ነው። የታመመ ሥር ግን ጠባቂው በብዛት ባለበት ማሳ ሲቃጠል ስፖሩም አብሮ ይቃጠላልና፣ እንዲህ ያለው ማሳ ሲገኝ አስቀድሞ የምርምር ሰው ይጠየቅ።

ሦስት ዓመት ረጅም ነው የሚል ደግሞ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ይቍጠር። በእነዚያ ዓመታት ስንት ጊዜ መድኃኒት ተገዛ? ከስንተኛው ግዢ በኋላ ትሉ ጠፋ? የሚገዛው መርዝ በየወቅቱ ዋጋ ይጠይቃል፤ አፈሩ ራሱ ያሳደገው ጠባቂ ግን ዋጋው ትዕግሥት ብቻ ነው። ያም ትዕግሥት ከገበሬው ብቻ የሚጠየቅ አይደለም። ገበሬው ዝናብ መጠበቅ የለመደ ስለ ሆነ ትዕግሥት አያንሰውም። የሚያንሰው ላንድ ወቅት ብቻ የሚያከራየው ባለ ይዞታና በዓመቱ መጨረሻ ቁጥር ብቻ የሚጠይቀው ሹም ነው።

ስለዚህ እናንተ የአገር አስተዳዳሪዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች፣ በሚመጣው የጉብኝት ቀን ከቅጠሉ በላይ እንድትመለከቱ እንለምናለን። በማሳው ዳር ቆማችሁ ስንት ሄክታር ተተከለ? ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ አንድ ተክል አስነቅላችሁ ሥሩን አሳጥቡ። ያያችሁትንም በመዝገብ አስጽፉ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ወደዚያው ማሳ ተመለሱ። አፈሩ ጠባቂ ካለው ያን ጊዜ ይታወቃል፤ ከሌለውም ለምርምር ሰዎች የሚቀርበው ጥያቄ ከእናንተ መዝገብ ይነሣል።